«ራን» ማለት መሮጥ ነው ያለን ማን ነው?

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስገባ አለቃዬ የለም። ሂሳብ መቀበያው ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፎልኝ ሄዷል። ሦስት መስመር ናት። ሦስቱም ውስጥ «ራን» (run) የምትል የእንግሊዝኛ ቃል አለች። አንዱ መስመር ስለ ወረቀት ኩባያ ነው፣ አንዱ ስለ ዕቃ ማጠቢያው ማሽን፣ የመጨረሻው ስለ ራሱ።

እኔ አራተኛ ክፍል የተማርኩት አንድ ትርጉም ነው። ራን ማለት ሮጠ። መምህራችን እንዲገባን ብለው ከጥቁር ሰሌዳው እስከ በሩ ድረስ ሮጠው አሳይተውናል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ኩባያና ማሽን ስለማይሮጡ ሁለቱን መስመሮች ተውኳቸው። ሦስተኛው ግን ገባኝ። አለቃዬ ሊሮጥ ሄዷል። ደንበኛ መጥቶ የት ገባ ሲለኝ ሩጫ ላይ ነው አልኩት። አለቃዬን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቦርጩንም ያውቀዋል። ቡናውን ይዞ እየሳቀ ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ አለቃዬ ሲመለስ የወረቀት ኩባያው ተሟጧል። ማሽኑ ቆሻሻ ዕቃ እንደታጨቀበት ቆሟል። ለካ የመጀመሪያው መስመር ኩባያ እያለቀብን ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ማሽኑን አስነሺው፣ ሦስተኛው ደግሞ ቸኩያለሁ፣ ልሂድ። ማታ ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ቃሏ 645 ትርጉም አላት ይላል። ስድስት መቶ አርባ አምስት! ከአውቶቡስ የምወርድበት ጋ እንኳን «ሆምስ ራን» የሚል የመንገድ ስም አለ። ሆምስ የሚባል ሯጭ ይመስለኝ ነበር። አሁን እሱንም ተጠራጠርኩ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው አለ? ወይስ ሌላ መላ አለው?

*

ይህን የጻፍኩት የዚያኑ ማታ ነው። በአራት ቀን ውስጥ 29 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም የመልሱ ሰንሰለት፣ ረዝሞ አልከፍት ላላችሁ፣ የሆነውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

መልስ 1 የመጣው ከዳላስ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እህቴ አይዞሽ ብሎ ጀመረ። እሱም በመጣበት ዓመት ፖሊስ አስቁሞት ይቺኑ ቃል ሲጠራበት፣ ኧረ እኔ እየነዳሁ ነው እንጂ አልሮጥኩም ብሎ ተከራክሯል። ፖሊሱ ያለው ግን ቀይ መብራት ጥሰሃል ነው። ቅጣቱን ከፍሎ ቃሏን አወቃት። ነዳጅ ሲያልቅ ያቺው ቃል ናት። መንገድ ላይ የሀገር ቤት ሰው ድንገት ሲያጋጥም ያቺው ናት፣ መኪና ሰው ሲገጭም ያቺው። ልዩነቱ ከኋላዋ የምትከተለው ትንሿ ቃል ላይ ነው። «ራን ኢንቱ» ከሆነ ተቃቅፎ ሰላም መባባል ነው፤ «ራን ኦቨር» ከሆነ ፍርድ ቤት ነው። በትንሿ ቃል እንዳልቀልድ አስጠነቀቀኝ።

መልስ 2 የሳቅ ምልክት ብቻ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ።

መልስ 3 ባሕር ዳር ካሉ፣ ጡረታ ከወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ረጅም ነው፤ በአክብሮት የተጻፈ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው አሉ፤ ግን ያለ ባለቤቱ እንዳልጠቅሰው መከሩኝ። 645 የሚለው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቆጠራ ነው። ለግሱ ብቻ ነው፤ ስሙ ለብቻው ነው። ፒተር ጊሊቨር የሚባል አዘጋጅ በዚች አንዲት ግስ ላይ ዘጠኝ ወር ሠርቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ከዚያ በፊት በ1989ኙ እትም አንደኛ የነበረችው «ሴት» የምትባለዋ ግስ ናት፤ ማስቀመጥ፣ ማስተካከል፣ የፀሐይ መጥለቅ፣ ሌላም ሌላም። ለብቻዋ 430 ትርጉም ነበራት። በ2000 «ሜክ» በለጠቻት፣ በ2007 «ፑት»፣ በመጨረሻ ራን መጥታ ሁሉንም ቀደመች። እንዲህ ያለ መዝገብ ደግሞ አንዱን ሐሳብ እንደ ሽንኩርት ስስ አድርጎ ነው የሚከትፈው። የኪስ መዝገበ ቃላት ላይ ትርጉሟ በጣም ያነሰ ነው።

መምህሩ በዚያ አላበቁም። በ1755 ዝነኛውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በመቅድሙ ላይ ካስቸገሩት ግሶች መካከል ራንንም ቆጥሯታል። ይኸው ሰው ለኛም ሩቅ አይደለም አሉ። ፖርቱጋላዊው ሎቦ ስለ ሀገራችን የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ መልሶ በ1735 ያሳተመ እሱ ነው። በ1759 ደግሞ ራሴላስ ስለሚባል የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ጻፈ። እግሩ ሀገራችንን ረግጦ አያውቅም። ይህ ከጥያቄዬ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

መልስ 4 ላይ ነገር ተበላሸ። የመምህሩ «ሴት» በፊደላችን ሲጻፍ ሌላ ነገር ሆኖ ታየው አንዱን። ሴት 430 ትርጉም እንዳላት እሱ ካገባ ጀምሮ ያውቃል አለ። መልስ 5 የአንዲት እህት ነው። አጭርና ስለታም። እሱ ባለ አንድ ትርጉም መሆኑን ሚስቱ ከሠርጉ በፊት ብታውቅ ኖሮ ይህን አይጽፍም ነበር አለችው። መልስ 6 የመድረኩ አስተዳዳሪ ነው፤ ወደ ርዕሱ ተመለሱ።

መልስ 7 በሌላ በኩል ሄደ። እንግሊዝኛ የቃል ድሃ ነው አለ። ድሃ ሰው አንዱን ነጠላ ለለቅሶም ለሠርግም እንደሚለብስ፣ እነሱም አንዲቷን ቃል ለሁሉም ያውላሉ። አማርኛ ግን ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ቃል አለው፤ ሮጠ፣ ፈሰሰ፣ ገጨ፣ ጣሰ፣ አለቀ። ነጠላዋ ጥሩ ምሳሌ ነበረች፤ ሐሳቡ ግን አላሳመነኝም። መልስ 8 ደግሞ ጨርሶ አልተቀበለውም። ከ500,000 በላይ ቃላት የተመዘገቡለትን ቋንቋ ድሃ ማለት ምን ይሉታል አለ። ስማ አንተ፣ በሚል ነው የጀመረው። ጨዋነቱ እዚህ ጋ ቀነሰ።

መልስ 9 ለንደን ካለች ነርስ ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ በሽተኛ ይቺኑ ቃል በብዙ ቁጥር አድርጎ አለብኝ ይላታል። እሷ ስንት ኪሎ ሜትር ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ደንግጦ አያት። ለካ ተቅማጥ ነው የያዘው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ነርሶች መጋረጃውን ይዘው ሳቁ። መልስ 10 እዚህ ላይ የጨመረው ነገር ከክሩ ሁሉ ያስገረመኝ ነው። እንግሊዙን ሆዱ ያስሮጠዋል፤ እኛን ያስቀምጠናል። ተቅማጥም አስቀመጠኝም ከመቀመጥ የመጡ ናቸው። አንዱ ሕዝብ መንገዱን አየ፣ ሌላው መድረሻውን። እንዲህ ነው የጻፈው፤ ስሙን ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር።

የጥያቄዬ መልስ የመጣው ግን ከፍራንክፈርት ነው፤ መልስ 11። ጸሐፊዋ ጀርመንኛ እየተማረች ነው። ጀርመንኛ ሁለት ተመሳሳይ ግሶች አሉት። «ሪነን» ውሃ ሲፈስ፣ «ሬነን» ሰው ሲሮጥ። የጥንቱ እንግሊዝኛም ወንድማማች ግሶች ነበሩት። አንዱ ለሚፈሰው ውሃም ለሚሮጠው ሰውም ያገለግል ነበር። ሌላው ማስሮጥ ነበር። በዘመን ብዛት ሁለቱ ተዋሃዱና አንዲት ራን ቀረች።

እኛ ማድረግንና ማስደረግን በ«አ» እና በ«አስ» እንለያለን። ፈሰሰ፣ አፈሰሰ። ሄደ፣ አስኬደ። ራን ግን ቅርጿን ሳትለውጥ ሁለቱንም ሆና ታገለግላለች። ማሽኑም ራን ነው፣ ማሽኑን ማስነሳትም ራን ነው። ሱቅ ማስኬድ የምንለውን እነሱ ራን ይሉታል፤ ያስሮጡታል እንጂ አይሮጡለትም። እንግዲህ መምህራችሁ ሮጠ ከማለት ፈሰሰ ብለው ቢጀምሩ ግማሹ መንገድ ያልቅ ነበር አለች። አፍንጫ ይፈስሳል። ቧንቧ ይፈስሳል። ከዘር የመጣ ነገር ከአባት ወደ ልጅ ይፈስሳል። ኩባያሽም ፈስሶ ፈስሶ አለቀ።

ይህን ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ፌርማታዬ አልፎኝ ሄደ።

መልስ 12 አርሊንግተን ያለ ሰው ነው፤ የፍራንክፈርቷን ተከትሎ ሆምስ ራንን ፈታው። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ራን ማለት ትንሽ ወንዝ፣ ጅረት ማለት ነው። ሆምስ ራን ጅረት ነው። ፎር ማይል ራንም ጅረት ነው፣ ካሜረን ራንም። በየቀኑ በድልድዩ ላይ አልፋለሁ፤ ወደ ታች አይቼ አላውቅም። በርስ በርስ ጦርነታቸው በሐምሌ 1861 ከዋሽንግተን አቅራቢያ የተደረገው ትልቁ ውጊያም ስሙ ቡል ራን ነው። «ቡል» በሬ ስለሆነ፣ ሰውየው ድሮ በሬ እያሳደደ ሰው የሸሸበት ጦርነት ይመስለው ነበር። የሰሜኑ ጦር ውጊያን በወንዝ ስም ይጠራ ነበር። የደቡቡ በከተማ ስም፤ ስለዚህ ለነሱ ማናሳስ ነው። የሰሜኑ ጦር የዚያን ቀን ተሸንፎ ወደ ዋሽንግተን መሸሹ ግን እውነት ነው። ስሙና ሥራው ተገጣጠሙ።

መልስ 13 ፈሰሰ የሚለውን መላ በቤቷ ፈተነችው። ባለ ቀይ ጥለት ነጠላዋን ከነጭ ልብስ ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከታው ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ወጣ። የፎቁ ጎረቤቷ ቀለሙ «ራን» አለቻት። እኛ ለቀቀ እንላለን። ቀለም ሲለቅ ይፈስሳል፤ ስለዚህ መላው ይሠራል። ነጠላዋ ግን ከጉድ አልወጣችም።

መልስ 14 አልተስማማም። ለምርጫ መወዳደር እንዴት ነው የሚፈሰው? መልስ 15 ነርሷ ናት፤ ተመለሰች። አሜሪካ ውስጥ ለምርጫ የሚቀርብ ሰው ይሮጣል፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ይቆማል። ቃላቸው «ስታንድ» ነው። የስቶኪንግ መተርተርም አሜሪካ ራን ነው፣ እንግሊዝ መሰላል ነው። ስለዚህ ይህች ቃል ያለ ልክ ያበጠችው አንድም ባሕር ተሻግራ ነው። ለ14 ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ለእሱ ሮጠ ይሻላል፤ መላ ሁሉ ቀዳዳ አለው።

ከ16 እስከ 18 ጠብ ነው። አዲስ አበባ ያለ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ እኛ ቢሮ ቃሏ አማርኛ ከሆነች ቆይታለች አለ፤ ኮዱን ራን አድርገው፣ ራን አላደርግ አለኝ። አክሎም ቃሏን ያሰፋት ማሽን ነው አለ። ባቡር፣ ሞተር፣ ፋብሪካ፣ ከዚያ ኮምፒውተር፤ አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ይቺው ቃል ትሰጠዋለች። እውነቱን ነው። 17 ግን ተቆጣ። አሂድ የሚባል የራሳችን ቃል እያለ ራን አድርግ ማለት ስንፍና ነው፣ ቋንቋ የምትገድሉት እናንተ ናችሁ አለ። ባለሙያው መልሶ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተም ወድቆበት የቃል ምርጫ ላይ የሚጨነቅ ሰው አሳየኝ አለው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን እዚህ አልጽፈውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ አሂድ ቆንጆ ቃል ነው። የሚጠቀምበት ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መልስ 19 የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ጠቡ እንዳልነበረ አድርጎ አለፈው። ደንበኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንዘቤን ካላወጣሁ ሲል እንግሊዝኛው የባንክ ራን ይለዋል። ድሮ ሰው በእውነት ወደ ባንኩ በር ይሮጥ ነበር። በመጋቢት 2023 ግን የሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ። አብዛኛው ከስልክና ከኮምፒውተር ነው። ሰው ከሶፋው ሳይነሳ ባንኩ ወደቀ። ሩጫው ቀርቶ ቃሉ ብቻውን ሮጠ።

መልስ 20 ሲመጣ ክሩ ተገለበጠ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አማርኛዋን በላቲን ፊደል ነው የጻፈችው፤ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤ ነው የገባኝ። እናንተ በራን ታለቅሳላችሁ፣ እኔ በ«ያዘ» አለቅሳለሁ አለች። አዲስ አበባ ላሉት አያቷ በየእሑዱ ትደውላለች። አንድ ቀን አያቷ ዘግይተው ስልኩን አንስተው ዝናብ ይዞኝ ነው አሏት። ፖሊስ እንደሚይዝ? በሚቀጥለው ሳምንት ጉንፋን ያዛቸው። እንግሊዝኛ ላይ ሰው ነው ጉንፋን የሚይዘው፤ አማርኛ ላይ ጉንፋኑ ሰውን። ስልክሽ ሁሌ የተያዘ ነው አሏት። ቆይታ ሳትደውል ስትቀር ቂም አልያዝኩም አሏት። ታክሲ ይያዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ትዳር ይያዛል። አያቷ አንድ ጊዜ እንቺ ያዢ ሲሏት ምን እንደምትይዝ አላወቀችም። ምርቃት ነው ለካ፤ አሜን ማለት ነበረባት።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ራንን ረሳት። 21 ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል አለ። 22 ችግኙ ያዘ፣ ሽሮው ድስቱን ያዘ፣ ሰይጣን ያዘው። 23 እኔን ነው የያዘኝ። መክፈቻው ላይ በቃሉ የያዘ ሰው አለ ወይ ብለሽ የጠየቅሽው አንቺው አይደለሽም? ደንበኛውንም ቡናውን አስይዘሽ ነው ያስወጣሽው አለኝ። ሄጄ አየሁ። እውነት ነው።

24 የመልስ 7 ባለቤት ነው፤ ዝም ብሎ ከርሞ ተመለሰ። ያዘ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፣ እሱም መጨበጥ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቅርንጫፍ ነው አለ። ለዚህ ወዲያው መልስ አልተሰጠውም፤ ምክንያቱም 25 ላይ አንዱ ገብቶ፣ ራን ካላችሁ አይቀር የዘንድሮው ታላቁ ሩጫ ካናቴራ ቀለሙ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። 26 የዓምናው ይሻል ነበር አለ። 27 ዳላስ ያለው ሾፌር ነው። በ1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሲካሄድ ነበርኩ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ግማሹን በእግር ነው የጨረስኩት፣ ራን ማለት መራመድም ነው ብላችሁ መዝግቡልኝ አለ።

መምህሩ መልስ 28 ላይ ለ7ኛው በትህትና ጻፉለት። ለያዘ የፈቀድክለትን ለራንም ፍቀድለት ወንድሜ አሉት። አንዱ ጨብጦ ቅርንጫፍ አወጣ፣ ሌላዋ ፈስሳ። የፍራንክፈርቷን ልጅም አመሰገኑ። 32 ዓመት ሲያስተምሩ ፈሰሰ ብለው ጀምረው አያውቁም። እሳቸውም ከሰሌዳው እስከ በሩ ሮጠው ያሳዩ ነበር። አራተኛ ክፍል የት ነው የተማርሽው ብለው ጠየቁኝ። በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው። እሳቸው አይደሉም፤ ግን ለጥቂት ነው።

የመጨረሻው፣ መልስ 29፣ አዲስ ሰው ነው። ሁሉንም ከላይ እስከ ታች አንብቧል። ራን ጅረት መሆኑ ገብቶታል። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ታዲያ ሆምስ ማን ነው?

እስካሁን 30ኛ መልስ የለም።